«አትንካው» ለሚሉ ሰብሳቢዎች፦ ስለ አሮጌ የስኑከር ዱላ ምላሽ

የድሮ የስኑከር ዱላ እጁ የገባ ሰው ምክር ሲጠይቅ የሚሰማው መልስ በአብዛኛው አንድ ነው፤ አትንካው። ጫፉ ላይ ያለው ቆዳ ቢደርቅም፣ የነሐስ ቀለበቱ ቢላላም፣ እጀታው በላብና በጠመኔ ቢጠቁርም እንዳለ ይቀመጥ ይላሉ ሰብሳቢዎች። ከተጠገነ ታሪኩ ጠፋ፣ ታሪኩ ከጠፋ ዋጋው ወረደ ነው ነገሩ። ምክሩ ያለ ምክንያት አልመጣም። አሮጌ ሳንቲም አሽቶ ያጸዳ ሰው ምን እንደሚከስር ሳንቲም የሚሰበስብ ሁሉ ያውቃል። ዱላ ግን ሳንቲም አይደለም። እኔ የምለው፣ የአሮጌ ዱላ ዋናው ነገር ዘንጉ ነው፤ ዘንጉ እስካልተነካ ድረስ ሌላው አላቂ ክፍል ሊለወጥ ይችላል፣ ብዙ ጊዜም መለወጥ አለበት።

«አትንካው» የሚለው አስተሳሰብ ራሱ የዘር ሐረግ አለው። በ1877 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዊሊያም ሞሪስና ጓደኞቹ እንግሊዝ ውስጥ የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበርን ሲያቋቁሙ፣ የተነሱት በዘመኑ አርክቴክቶች ላይ ነበር። አርክቴክቶቹ የአብያተ ክርስቲያናትን ግድግዳ እየፋቁ «ወደ ጥንቱ መልካቸው መለስናቸው» ይሉ ነበር። ማኅበሩም «ፀረ ፍቀት» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። የዛሬዎቹ ሰብሳቢዎች ከዚህ የወረሱት እገዳውን ብቻ ነው። ሞሪስ ተዉት ይፍረስ አላለም፤ የሚያፈስ ጣሪያ ይደፈን፣ የዘመመ ግድግዳ ይደገፍ፣ የዕለት ተዕለት እንክብካቤ አይቋረጥ ነው ያለው። የተቃወመው መፋቅን ነው። ስለዚህ ያለቀ ቆዳ ቀይሮ ዘንጉን ያልፋቀ ሰው ለሞሪስ ሐሳብ ከሰብሳቢዎቹ ይልቅ የታመነ ነው።

የዱላው ታሪክም ከዚህ አይወጣም። ቢሊያርድ በጥንቱ ዘመን የሚጫወቱት ጫፉ ሰፋ ብሎ በቆለመመ መግፊያ ነበር። ኳሱ ከጠርዙ ተጠግቶ አልገፋ ሲል ተጫዋቾቹ መግፊያውን ገልብጠው በቀጭኑ ጭራ ይመቱ ጀመር፤ ቀስ በቀስም ጭራው ዋናው መሣሪያ ሆነ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ፈረንሳዊው ፍራንሷ ሚንጎ ጫፉን ቆዳ አለበሰው፤ ያኔ ነው ኳስን እንደልብ ማሽከርከር የተቻለው። በ1875 የእንግሊዝ መኮንኖች ሕንድ፣ ጃባልፑር ላይ ስኑከርን ሲጀምሩ ቆዳ የለበሰ ዱላ ብርቅ አልነበረም። ቆዳው ግን ከመነሻው እንዲያልቅ ታስቦ የሚገባ ነገር ነው። መቶ ዓመት ያስቆጠረ ዱላ አሁንም የመጀመሪያ ቆዳው ላይ ካለ፣ ትርጉሙ ብዙም አልተጫወቱበትም ማለት ነው። ማረሻው ተበልቶ ሲያልቅ ሌላ የሚያስገባ ገበሬ ሞፈሬ ጠፋ አይልም።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ ሰብሳቢዎች ከሁሉ በፊት የሚያዩት እጀታው ላይ ያለውን ባጅ ነው። የታዋቂውን ተጫዋች የጆ ዴቪስን ስም ያነበበ ሰው የጆ ዴቪስን ዱላ ያገኘ ይመስለዋል። አላገኘም። አምራቾች የታዋቂ ተጫዋች ስም እየለጠፉ ለማንም ገዢ ይሸጡ ነበር። ባጁ ከዱላው ጋር አብሮ የወጣ ከሆነ በእርግጠኝነት የሚናገረው ሌላ ነገር ነው፤ ዱላው ከየትኛው ዓመት በፊት ሊሠራ እንደማይችል። አውስትራሊያዊው ዋልተር ሊንድረም በአንድ ተራ ሳያቋርጥ 4137 ነጥብ ያስቆጠረው በጃንዋሪ 1932 ለንደን ላይ ከጆ ዴቪስ ጋር ቢሊያርድ ሲጫወት ነው፤ ይህ ቁጥር ያለበት ባጅ ከዚያ ሊቀድም አይችልም። ጆ ዴቪስ በስኑከር በአንድ ተራ 147 ነጥብ የሞላው በጃንዋሪ 1955 ሲሆን በይፋ የጸደቀለት በ1957 ነው። እንግዲህ የጆ ዴቪስን 147 የሚጠቅስ ባጅ የያዘ ዱላ «የ1930ዎቹ ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው ወይ አላወቀም ወይ እያወቀ ነው።

ከባጁ ይልቅ እኔ የማምነው እጀታውና ዘንጉ የሚጋጠሙበትን ቦታ ነው። በእጅ በተሠራ ዱላ ላይ ጥቁሩ ዞጲ ወደ ነጣ ያለው የአሽ እንጨት ዘልቆ የሚገባባቸው አራቱ ጫፎች ለስላሳ ቅስት ይሠራሉ። ሠሪው ዞጲውን በአራት ጎን ከለጠፈ በኋላ በመላጊያ እየላገ ስለሚያድበለብለው ነው እንዲህ የሚሆነው። በማሽን የተጋጠመው ግን ጫፉ ሹል ነው። ባጅ ከአንዱ ዱላ ተነቅሎ ሌላው ላይ ይለጠፋል፤ ቅስት ግን ተነቅሎ አይለጠፍም።

ተጫዋች ለዱላው የሚሰጠው ዋጋ ደግሞ ከባጅም ከአምራችም ጋር ላይገናኝ ይችላል። የስቲቨን ሄንድሪ ዱላ በ40 ፓውንድ የተገዛ፣ ገበያ ላይ የሞላ ዓይነት ነበር። ከ1990 እስከ 1999 ድረስ 7 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በዚያ ዱላ ነው። ያ ሁሉ ድል በአንድ ቆዳ አልተገኘም፤ የተቀየረ ቆዳ ግን ዱላውን ሌላ ዱላ አላደረገበትም። በ2003 በአውሮፕላን ጉዞ ላይ ሲሰበር ነው ያለቀለት።

እስከዚህ ሰብሳቢዎቹን ተቃወምኩ። በአንድ ነገር ግን ከእነሱም የባስኩ ወግ አጥባቂ ነኝ፤ ዘንጉ ጠቁሯል ብሎ ብርጭቆ ወረቀት ማንሳትን ፈጽሞ አልቀበልም። የዘንጉ ጫፍ ውፍረት ከ9 እስከ 10 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የድቡልቡል ዘንግ ግትርነት የሚወሰነው ውፍረቱ አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ቁጥር ልክ ነው። 9.5 ሚሊሜትር የነበረው 9 ቢሆን፣ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ጠፍቶ፣ በዚያ ቦታ ግትርነቱ በ19 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ዓይን የሚያየው የጸዳ እንጨት ነው፤ የተጫዋቹ እጅ ግን ዱላው እንደተለወጠበት ያውቃል። ቆዳ ይገዛል፣ ቀለበት ይገዛል፤ ከዘንግ ላይ የተፋቀ እንጨት አይገዛም። ቦርሳ ውስጥ እንዲገባ ተብሎ አንድ ወጥ የነበረን ዱላ ለሁለት መቁረጥንም ከዚሁ ጋር እቆጥረዋለሁ።

ታዲያ የጠቆረው ዘንግ ምን ይሁን? በትንሹ በረጠበ ጨርቅ እድፉን ማንሳት፣ ወዲያው ማድረቅ፣ ከዚያ ጥቂት የተልባ ዘይት አሽቶ ትርፉን መጥረግ ይበቃዋል። (ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል ተዘርግቶ ይድረቅ።) የአሽ ክፍት ቀዳዳዎች ውስጥ የገባው የድሮ ጠመኔ ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ አይውጣም። እጀታው ላይ ጥንቃቄው ሌላ ነው። የድሮ እጀታ አብረቅራቂ ልባስ ብዙውን ጊዜ ሼላክ ነው፤ አልኮል ደግሞ ሼላክን ያሟሟል። በሳኒታይዘር አጸዳሁት የሚል ሰው ልባሱን ልጦታል። የጥንቱ ሙጫም ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚሠራ ስለሆነ ሙቀትና እርጥበት ይፈታዋል።

የአንድ ሻምፒዮን ለመሆኑ ፎቶግራፍና ደብዳቤ የሚመሰክርለት ዱላ ከዚህ ሁሉ ውጪ ነው። እሱ ላይ ያረጀው ቆዳ ሳይቀር ማስረጃ ነውና ሰብሳቢዎቹ ልክ ናቸው።

ባጁን ግን የማንም ዱላ ይሁን አትንቀሉት። አንዳንዱ የድሮ ባጅ የዝሆን ጥርስ ስለሆነ ሕግም አለበት። በ2018 የወጣው የብሪታንያ የዝሆን ጥርስ ሕግ ከጁን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ ከማርች 1947 በፊት ተሠርቶ የዝሆን ጥርሱ ከጠቅላላ ይዘቱ 10 በመቶ የማይሞላ ዕቃ ቢሆን እንኳ ሳይመዘገብ አይሸጥም። ለንደን ገዝታችሁ ወደ አዲስ አበባ ልትልኩ ያሰባችሁ ስለ ሳይቲስ (የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት) ፈቃድ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ዱላችሁን ለጠጋኝ ስትሰጡ የዘንጉን ውፍረት ከጫፉና ከመሃሉ ለክታችሁ ጻፉት፤ ሲመልስላችሁ እዚያው ፊቱ እንደገና ለኩት። ቁጥሩ ቀንሶ ካገኛችሁት አትክፈሉት።