አምስተርዳም የሚደርሰው አበባችን ጭሮ ለምን አይደርስም?

የካቲት 7 ቀን በተቃረበ ቁጥር በእጅ ስልኮቻችን የሚጎርፈው የአበባ ማስታወቂያ ከዓመት ዓመት እየበዛ መጥቷል። “ይዘዙን፣ ካሉበት እናደርሳለን” የሚሉ የፌስቡክና የቴሌግራም ገጾች ቀይ ጽጌረዳን ከቸኮሌትና ከኬክ ጋር አጣምረው ያቀርባሉ። ቀድሞ ይህ የአዲስ አበባ ሰው ወግ ተደርጎ ይታይ ነበር። ዛሬ ግን በጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ በሒርና፣ በበዴሳና በገለምሶ ያለው ወጣትም ማስታወቂያውን እኩል ያያል፤ እኩልም ይመኛል። ለሠርግ፣ ለቀለበት፣ ለምረቃና ለፍቅረኞች ቀን አበባ የሚፈልግ የምዕራብ ሐረርጌ ሰው ታዲያ ምን ያድርግ? በኢንተርኔት ከአዲስ አበባ ይዘዝ ወይስ ከከተማው ይግዛ?

ኑሮ በከበደበት ዘመን ስለ አበባ መጻፍ ቅንጦት የሚመስለው አንባቢ እንደሚኖር አልጠራጠርም። በእኔ እምነት ግን አበባ እዚህ ላይ ሰበብ ነው። ዋናው ጉዳይ፣ ሻጩን ሳናይ ገንዘብ የምንከፍልበት አዲሱ የንግድ ዘመን ለትንንሽ ከተሞቻችን ምን ይዞላቸው መጣ የሚለው ነው።

የአበባ አገር ያለ አበባ

እንደሚታወቀው ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛዋ የአበባ ላኪ አገር ናት። ዘርፉ በተለይ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በሆለታ፣ በሰበታ፣ በደብረ ዘይትና በዝዋይ (ባቱ) ዙሪያ ተስፋፍቶ በየዓመቱ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ያስገባል። ጽጌረዳው ገና እንቡጥ ሳለ ይቆረጣል፤ ወዲያው ውኃ ውስጥ ገብቶ ወደ ማቀዝቀዣ ክፍል ይወሰዳል፤ በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ ደርሶ በጭነት አውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይበራል። ከአምስተርዳም አቅራቢያ ባለው በአልስሜር የአበባ ጨረታ ማዕከል የሚሸጠውም አለ። ይህ ሁሉ በቀናት ውስጥ የሚያልቅ ሥራ ነው።

ከአዲስ አበባ ጭሮ ያለው ርቀት ከ300 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ነገር ግን በዚሁ መንገድ ለአበባ የተሠራ የማቀዝቀዣ ሰንሰለት የለም። በአውቶቡስ የተላከ እቅፍ አበባ የመተሐራንና የአዋሽን ቆላ በሻንጣ መሐል ታፍኖ ያልፋል፤ ከሚኤሶ በኋላ ደጋውን ሲወጣ ብርዱ ቢያገኘውም ጉዳቱ ቀድሞ ደርሷል። አበባ ከተቆረጠ በኋላም ይተነፍሳል፤ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ዕድሜውም ያጥራል። አጠገቡ ሙዝ ወይም ሌላ የሚበስል ፍራፍሬ ከተጫነ ደግሞ ከፍሬው የሚወጣው ኤትሊን የተባለ ጋዝ ይበልጥ ያደርቀዋል። በአገራችን አውቶቡስ ላይ ሙዝ የማይጫንበት ቀን መቼ ነው?

ውጤቱን በዓይኔ አይቻለሁ። በዞኑ ከተሞች በተመላለስኩባቸው ጊዜያት በሙሽሮች እጅ፣ በአዳራሽ መድረክና በተመራቂዎች አንገት ላይ ያየሁት አበባ አብዛኛው ፕላስቲክ ነው። የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ በሆነችው ጭሮ የምረቃ ሰሞን ገበያው ደርቷል፤ ደርቶ የሚሸጠው ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ሠራሽ አበባ ነው። እውነተኛውን ወደ ውጭ ልከን ሰው ሠራሹን በውጭ ምንዛሪ እንገዛለን ማለት ነው።

በኢንተርኔት የሚሸጠው ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን በኢንተርኔት ማዘዝና ከአካባቢ ሻጭ መግዛት ተቃራኒ መንገዶች ይመስሉናል። የሥራው ታሪክ ግን ሌላ ይናገራል። በ1910 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ አበባ ነጋዴዎች ተሰባስበው በቴሌግራም መልዕክት የሚሠራ የአበባ አድራሽ ማኅበር አቋቋሙ። ቺካጎ ያለ ሰው ኒውዮርክ ላለች እናቱ አበባ ሲፈልግ፣ አበባው ከቺካጎ አይጓዝም። የቺካጎው ነጋዴ ገንዘቡን ተቀብሎ ለኒውዮርኩ ባልደረባው መልዕክት ይልካል፤ የኒውዮርኩ ነጋዴ ከራሱ ሱቅ አሰናድቶ ያደርሳል፤ ገንዘቡን ይከፋፈላሉ። የተጓዘው መልዕክቱ ብቻ ነው። ዛሬም በዓለም ላይ ስማቸው የገነነው የኢንተርኔት አበባ ሻጮች ብዙዎቹ የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው፤ ቴሌግራሙ በድረ ገጽ ተተካ እንጂ።

በዚህ አሠራር ውስጥ ታዲያ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ መጨረሻ ላይ የአካባቢው አበባ ሻጭ ከሌለ ድረ ገጹ እጅ የለውም። ሁለተኛ፣ ደንበኛው አበባውን በእርግጥ ማን እንዳሰናዳው አያውቅም። ይህ ሁለተኛው ጉዳይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ኢንተርፍሎራ የተባለው የአበባ ነጋዴዎች መረብ ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር የተባለውን የእንግሊዝ መደብር “በጉግል ላይ የእኔን ስም ለሚፈልጉ ሰዎች የራስህን ማስታወቂያ አሳየህብኝ” ብሎ ከሶት ነበር። የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት በ2011 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ ማስታወቂያው፣ ተራው የኢንተርኔት ተጠቃሚ ዕቃው የማን እንደሆነ ለመለየት እንዲቸገር የሚያደርግ ከሆነ የንግድ ምልክት መብትን ሊነካ እንደሚችል ገልጿል። ኢንተርፍሎራ የብዙ ነጋዴዎች መረብ መሆኑም መደናገሩን ሊያባብሰው እንደሚችል ጠቁሟል። “ከማን ነው የገዛሁት?” የሚለው ጥያቄ በሠለጠነው ገበያም መልስ ያስቸግራል ማለት ነው።

የጫት ነጋዴው ያወቀው ምሥጢር

ለመሆኑ ምዕራብ ሐረርጌ ቶሎ የሚጠወልግ ነገር በሰዓታት ውስጥ ሩቅ ማድረስ ተስኖት ያውቃል? በፍጹም። የጫት ንግድን መውደድም መጥላትም ይቻላል፤ ከአደረጃጀቱ ግን መማር ግድ ይላል። ጫት ከተቆረጠ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ኃይሉን የሚያጣ ቅጠል ነው። አርሶ አደሩ ይቆርጣል፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ርጥበቱ ይጠበቃል፣ ደላላው ይመዝናል፣ አይሱዙው ይጫናል፣ ተቀባዩም በሰዓቱ ቆሞ ይጠብቃል። ማቀዝቀዣ የለም፤ የተጻፈ ውልም እምብዛም የለም። ያለው መተዋወቅ ነው። የጠወለገ ያቀበለ ደላላ በማግስቱ ስሙ ገበያ ላይ ይወድቃል።

አበባ የጎደለውም ይኸው ነው። በሐረርጌ ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ ብዙውን ጊዜ ጫትና ቡና ይዞ ነው፤ ስጦታው ትኩስ መሆኑ አክብሮት ነው። የደረቀ ጫት ይዞ ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ የለም። የጠወለገ ጽጌረዳም ለፍቅረኛ የሚናገረው ከዚያ የተለየ አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጭሮ በተደረገ የዘመድ ሠርግ ላይ የገጠመን ይህን ያሳያል። ውጭ አገር የሚኖረው የሙሽራው ወንድም ለሙሽሪት የሚሆን እቅፍ አበባ በአንድ የኢንተርኔት ገጽ አዝዞ ሙሉ ዋጋውን ከፈለ። አበባው የደረሰው ሙሽሮቹ ከሄዱ በኋላ ማታ ነው፤ አንገቱን ደፍቶ። ሻጩን ብንጠይቅ “በሰዓቱ ለሾፌሩ አስረክበናል” አለ። ሾፌሩ “መንገድ ተዘግቶብኝ ነው” አለ። ገንዘቡ አልተመለሰም። ሙሽሪት ፎቶ የተነሣችው ከጎረቤት ግቢ በተቀጠፈ አበባ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ያማረባትም እሱ ነበር።

ሕጉ ምን ይላል?

የሕግ ሰው በመሆኔ ሠርገኛው ሲስቅ እኔ አንቀጽ መቁጠሬ አልቀረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1719 መሠረት ሕግ በተለየ ሁኔታ ካላዘዘ በቀር ውል የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም። ስለዚህ በስልክ የታዘዘ አበባም ውል ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ የኤሌክትሮኒክ መልዕክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ደንግጓል። በቴሌግራም የተላከው “እሺ፣ ቅዳሜ ጠዋት እናደርሳለን” የሚል መልዕክት ማስረጃ ነው ማለት ነው።

ውል ሲጣስ ተበዳዩ በቁጥር 1771 መሠረት እንደ ሁኔታው ውሉ እንዲፈጸም ወይም እንዲሰረዝ፣ በተጨማሪም ኪሣራ እንዲከፈለው ሊጠይቅ ይችላል። በመርሕ ደረጃ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል፤ ሆኖም ግዴታው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ብቻ ሊፈጸም የሚችል ሆኖ ጊዜው ካለፈ ማስጠንቀቂያ እንደማያስፈልግ ቁጥር 1775 ይገልጻል። የሠርግ አበባ ለዚህ ድንጋጌ ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ይመስለኛል። ከሠርጉ በኋላ “በሦስት ቀን ውስጥ አድርስልኝ” ብሎ ማስጠንቀቅ ምን ትርጉም አለው? “ካሉበት እናደርሳለን” ብሎ ያስተዋወቀ ሻጭም የሾፌሩን መዘግየት በገዥው ላይ ሊያላክክ የሚገባው አይመስለኝም፤ ቃል የገባው ማድረስን ነውና።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በበኩሉ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። ድንጋጌው ለጫማና ለቴሌቪዥን ጥሩ ነው። ጽጌረዳ ግን 15 ቀን ከቆየ ጉድለት ቢኖረውም ባይኖረውም መጣሉ አይቀርም።

እንግዲህ ሕግ አለ። የሌለው ተከሳሹ ነው። ገጹ የማን እንደሆነ፣ ንግድ ፈቃድ ይኑረው አይኑረው፣ አድራሻው የት እንደሆነ ገዥው አያውቅም። ቢያውቅስ፣ ለአንድ እቅፍ አበባ ሥራ ፈትቶ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ማን ነው? ክሱ ከአበባው ይበልጥ ያስወጣል። ለዚህ ነው በአነስተኛ ግብይት ከዳኛ ይልቅ የጉርብትና ይሉኝታ የሚበረታው። ጭሮ ገበያ ላይ ሱቅ ከፍቶ የተቀመጠ ሰው ዛሬ ቢያጭበረብረኝ ነገ በለቅሶ ቤት ያገኘኛል።

ምን ይደረግ?

ከዚህ ተነሥቼ የምሰጠው አስተያየት ኢንተርኔቱን እርም በሉ የሚል አይደለም። ውጭ አገር ያለ ወንድም ለእህቱ፣ አዲስ አበባ የሚሠራ ባል ገለምሶ ላለች ሚስቱ ስጦታ መላኩ መልካም ነው። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በመዋሉ ገንዘቡ በቅጽበት ይደርሳል። እንግዲያው ገንዘቡና መልዕክቱ ይጓዝ፤ አበባው ግን ከአካባቢው ይሰናዳ። ከመቶ ዓመት በፊት አሜሪካኖቹ የደረሱበት መላ ይኸው ነበር።

ይህ እንዲሆን በየከተማው ቢያንስ አንድ እውነተኛ አበባ ሻጭ ያስፈልጋል። የጨርጨር ደጋ ለዚህ ባዳ አይደለም። የዝዋይ ጽጌረዳ የሚበቅለው ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን፣ ጭሮ ከዚያ ከፍ ትላለች። የውኃው ነገር በጥንቃቄ መታየት ያለበት ቢሆንም፣ የአንድን ከተማ ሠርግና ምረቃ ለመሸፈን ሰፊ እርሻ አያስፈልግም፤ አነስተኛ የጓሮ ማሳ፣ ጥላ ያለው ክፍልና ንጹሕ ባልዲ ይበቃል። ለሥራ አጥ ወጣቶች የሥራ ዘርፍ የሚያፈላልጉ የዞኑ ጽሕፈት ቤቶች ይህን ቢያስቡበት፣ የሐረማያና የኦዳ ቡልቱም ምሁራንም በሙያቸው ቢያግዙ ጥሩ ጅምር ይሆናል።

የንግድ ተቆጣጣሪ አካላትም በማኅበራዊ ገጽ የሚነግድ ሰው ስሙን፣ የንግድ ፈቃድ ቁጥሩንና አድራሻውን በገጹ ላይ እንዲለጥፍ አጥብቀው ሊጠይቁ ይገባል። ገዥው ደግሞ ሦስት ነገር አይርሳ፤ ቀኑንና ሰዓቱን በጽሑፍ ያስፍር፣ አበባውን ማን እንደሚያሰናዳ ይጠይቅ፣ ከተቻለ ግማሹን አስቀድሞ ግማሹን ሲረከብ ይክፈል።

አበባ ላኪ አገር መሆናችን ያኮራል። ኩራቱ ሙሉ የሚሆነው ግን የጭሮዋ ሙሽራም በአገሯ መሬት የበቀለ ትኩስ አበባ በሠርጓ ጠዋት ስትይዝ ነው። ቸር ይግጠመን።