በቅቤ ፈንታ ዘይት

ኬክ የምትጋግር ወይዘሮ ቅቤ በተወደደ ጊዜ ዘይት፣ ዘይት በጠፋ ጊዜ ደግሞ ቅቤ መፈለጓ የባልትና ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገሩን ጠጋ ብሎ ለተመለከተው ሰው ግን የላሟ መኖ፣ የኑጉ ማሳ፣ የጾሙ ወራትና የባሕር ማዶው መርከብ ሁሉ በዚያች አንዲት መጋገሪያ ውስጥ ተገናኝተው ይገኛሉ።

በጎጃም መንገድ ያለችው ሱሉልታ፣ በአምቦ መንገድ ያለችው ቡራዩና በጅማ መንገድ ያለችው ሰበታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ ናቸው። እነዚህ አካባቢዎች አዲስ አበባን ለብዙ ዘመን ወተትና ቅቤ ሲመግቡ ኖረዋል። ዛሬ ግን ከብት ይሰማራበት የነበረው ሜዳ ቤትና ፋብሪካ እየሆነ ሄዷል፤ በየመንደሩም ዳቦ ቤቱና ኬክ ቤቱ በዝቷል። ቅቤ የሚሰጠው መሬት ሲጠብ ቅቤ የሚፈልገው አፍ በዛ ማለት ነው። ጋጋሪዎቹ ፊታቸውን ወደ ዘይት ቢመልሱ ሊያስደንቀን አይገባም።

እንግዲህ አንዱን በሌላው መተካት ይቻላልን? ይቻላል፤ ዳሩ ግን ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል። ቅቤ ከመቶው ሰማንያው ያህል ስብ ሲሆን የቀረው አብዛኛው ውሃ ነው፤ አሬራው በሚገባ ያልወጣለት እንደ ሆነ ውሃው ከዚህም ይበልጣል። ዘይት ግን ሁለመናው ስብ ነው። ስለዚህ 100 ግራም ቅቤ በሚገባበት ሊጥ 80 ግራም ያህል ዘይት ይበቃል፤ የጎደለውን እርጥበት በጥቂት ውሃ ወይም ወተት ማሟላት ነው። ንጥር ቅቤ ውሃው በእሳት ስለ ወጣለት በሚዛን ከዘይት ጋር እኩል ሊቆጠር ይችላል፤ ቅመም የገባበት ከሆነ ግን ለወጥ እንጂ ለኬክ አይሆንም።

ሁለተኛው ልዩነት የአየር ነገር ነው። ለስለስ ያለ ቅቤ ከስኳር ጋር ሲመታ አየር ይይዛል፤ ኬኩም በዚያ አየር ከፍ ይላል። ዘይት ይህን ስለማያደርግ ሥራው በእንቁላልና በቤኪንግ ፓውደር ላይ ይወድቃል። በአንጻሩ ዘይት በብርድ ስለማይረጋ፣ እንደ ሱሉልታ ባለው ብርዳም አገር የዘይት ኬክ በማግስቱም ለስላሳ ሆኖ ይገኛል። በብስኩት ግን የቅቤን ጣዕምና ፍርክስክስታ ዘይት አይተካውም።

በጾም ወራት ዘይት ተተኪ መሆኑ ቀርቶ ዋና ይሆናል። ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ወተት ፈላጊ ሲያጣ፣ ላም ያለው ገበሬ ወተቱን እየናጠ ቅቤውን ለፋሲካ ያቆየዋል። ስለዚህ ሁለቱ ተራ ገብተው የሚያገለግሉን እንጂ ጠላቶች አይደሉም።

ችግሩ ዘይቱ በብዛት የሰው አገር መሆኑ ነው። በየካቲት 2014 ዓ.ም. ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር የሱፍ ዘይት ገበያ ታወከ፤ በሚያዝያም ኢንዶኔዥያ አንድ ወር ለማይሞላ ጊዜ የፓልም ዘይት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች። የዚያ ሁሉ ጣጣ እስከ ቡራዩ ኬክ ቤት ድረስ ደረሰ። በ2013 ዓ.ም. በቡሬ የተመረቀው ፊቤላ የዘይት ፋብሪካ ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ ነገር ግን ፋብሪካ ያለ ኑግ፣ ያለ ሰሊጥና ያለ አኩሪ አተር ምን ይጨምቃል? ፋብሪካን አቁሞ ቅባት እህልን አለማብዛት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደ ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ሳይነገር የሚደረገው መተካት ነው። የሚረጋ ዘይትና ሙዝ የተቀላቀለበት ቅቤ መያዙን በየጊዜው በዜና ሰምተናል። ይህ ጸሐፊ ባለፈው ሰሞን ከገበያ የገዛውን ቅቤ እናቱ ገና ሲያሸቱት፣ «ልጄ፣ ይህ ላም አያውቅም» አሉት። በዩኒቨርሲቲ ያሳለፋቸው ዓመታት በዚያ ሰዓት አልረዱትም። የእርሱ ጉዳት የጥቂት ብር ነው፤ የገበሬው ጉዳት ግን ይበልጣል፤ እውነተኛው ቅቤ ከሐሰተኛው ጋር በዋጋ ሊወዳደር አይችልምና።

ስለዚህ ኬክ ቤቶቻችን የሚጋግሩበትን ነገር በግልጽ ጽፈው ቢያኖሩ፣ የከተማው ተቆጣጣሪዎችም የቅቤውን ገበያ ዘወትር ቢጎበኙ መልካም ነው። የቀረውንም የግጦሽ መሬት በፕላን መጠበቅ ሊዘነጋ አይገባም። በቅቤ ፈንታ ዘይት መጠቀም ነውር የለበትም፤ ነውሩ ዘይቱን ቅቤ ነው ብሎ መሸጥ ነው።