መስመሩን ያለፈ ሁሉ አልወጣም

«አንጻራዊ ድህነት የሀብታም አገር ወሬ ነው፤ የእኛ ጉዳይ የሚበላና የማይበላ ነው» የሚል ሐሳብ ስለ ልማት በሚወራበት ሁሉ ይሰማል። ሲያዩት ለደሃው የተቆረቆረ ይመስላል። በምዕራብ ሐረርጌዋ ከተማ ገለምሶ ላይ ሲፈተን ግን አይቆምም።

ፍጹም ድህነት የሚለካው በመስመር ነው፤ አንጻራዊው ግን አንዱ ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ባለው አቅም። በ2008 ዓ.ም. የተሰመረው መስመር ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር ነበር፤ በቀን 20 ብር እንኳ አይሞላም። መነሻው በቀን 2,200 ካሎሪ የሚሰጥ ምግብ ሲሆን፣ ለልብስና ለመሰል ወጪ የሚሆንም ተጨምሮበታል። በዚህ ስሌት ከመስመሩ በታች ያለው ሕዝብ በ1988 ከነበረበት 45.5 በመቶ በ2008 ወደ 23.5 በመቶ ወርዶ ነበር። ቁጥሩን አልክድም፤ ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ መሠራቱንም ማንም ያያል። የምቃወመው መስመሩን ያለፈ ሁሉ ከድህነት ወጣ የሚለውን ድምዳሜ ነው።

2008 ምን ዓይነት ዓመት እንደነበር ምዕራብ ሐረርጌ ያውቀዋል። በኤልኒኞ ሳቢያ የ2007 ክረምት ዝናብ ቀርቶ ነበር፤ ዞኑ በድርቁ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ሆነ። በታኅሣሥ ወር በአገር ደረጃ 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ የምግብ እርዳታ ያስፈልገዋል የሚል ጥሪ ወጣ፤ ይህም በሴፍቲኔት (በምግብ ዋስትና ድጋፍ መርሐ ግብሩ) የታቀፉትን ሚሊዮኖች ሳይጨምር ነው። ድህነት ቀነሰ የተባለበት ልኬት የተወሰደው እና ይህ ጥሪ የተሰማው በአንድ ዓመት ነው። እርዳታው ብዙ ሕይወት አትርፏል። የተረፈው ሰው ግን በማግስቱም ያንኑ ጠባብ ማሳ ይዞ ዝናብ ሲጠብቅ ነበር።

በገለምሶ ዙሪያ «ጫት ያለው ሰው ምን ጎደለው?» ይባላል። ጫት ያለው ሁሉ ግን እኩል የለውም። ማሳው ውሃ የሚደርሰው ገበሬ በበጋ፣ ዋጋው በሚወደድበት ጊዜ ቆርጦ ወደ አዲስ አበባ ያስጭናል። ዝናብ ጠባቂው ደግሞ ሁሉም በሚቆርጥበት ወቅት ነጋዴው በሰጠው ዋጋ ይሸጣል። እህል ሲገዙ ግን የሚገናኙት አንድ ገበያ ላይ ነው። የጫት ብር በከተማዋ ሲበዛ የማሽላውም የመሬት ኪራዩም ዋጋ በባለብሩ አቅም ይቆረጣል። ገቢው ያልጨመረለት ሰው አምና በገዛበት ብር ዘንድሮ ያነሰ ኪሎ ይዞ ይገባል። ጎረቤቱ መበልጸጉ የእሱን ድስት ነካው ማለት ነው፤ ይህን ቅናት ብሎ ማለፍ ትልቅ በደል ነው።

የኢኮኖሚ ምሁሩ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ድህነትና ረሃብ ባሳተመው መጽሐፍ የእኛኑ አገር ምሳሌ አድርጓል። በወሎ ረሃብ ዘመን የአገሪቱ ምርት በአጠቃላይ ያን ያህል አልወደቀም፤ የወሎ ገበሬ የመግዛት አቅም ስለተሟጠጠ ግን እህል ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ ይጫን ነበር። በሐረርጌ ደግሞ የአርብቶ አደሩ ከብት ማለቁ ሳያንስ የተረፈውም ከእህል አንጻር ዋጋ አጣ። እንግዲህ ማን እንደሚራብ የሚወስነው አንዱ ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ያለው አቅም ከሆነ፣ አንጻራዊ ድህነት እንዴት የቅንጦት ወሬ ይሆናል?

ከድህነት የመውጣት ዕድልም የሚበላሸው እዚሁ ንጽጽር ላይ ነው። በ1997 የተጀመረው ሴፍቲኔት «ምረቃ» የሚባል ነገር አለው። ቤተሰቡ ያለ ድጋፍ ዓመቱን ሙሉ ራሱን መግቦ ቀላል ችግርን መቋቋም ሲችል ይመረቃል ይላል ደንቡ፤ መልካም ነው። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ የተቆጠረው ንብረት ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ምረቃው ከላይ በሚወርድ ኮታ ይካሄድ እንደነበርም ጥናቶች ጽፈዋል። የሐረርጌ ገበሬ አንድ በሬ ገዝቶ፣ ደጁ ላይ አስሮ፣ በማሽላ ቅጠልና አገዳ አደልቦ መሸጥ ያውቅበታል። ቆጣሪ በመጣበት ቀን ያ ሰንጋ ደጅ ላይ ከተገኘ ባለቤቱ ሀብታም ተብሎ ይመዘገባል። በሬው በብድር የተገዛ ቢሆንስ? ሲሸጥ ግማሹ ለአበዳሪ፣ ግማሹ ለእህል ቢሄድስ? ለአፎሻ (ለሰፈር መረዳጃ ማኅበር) መዋጮ ያጣ ሰው ደግሞ ችግር ሲመጣ ብድር የሚጠይቅበት ፊት አይኖረውም፤ ይህን የሚጠይቅ ቅጽ የለም።

የዓለም ባንክ ራሱ ባሳተመው ግምገማ ከ1997 እስከ 2003 ዓ.ም. አጠቃላዩ የድህነት መጠን ሲወርድ የመጨረሻዎቹ አስር በመቶ ድሆች ፍጆታ መቀነሱን ጽፏል። አማካዩ ወደ ላይ ሲሄድ እነሱ ወደ ታች ሄዱ፤ መስመሩ ግን እነሱን ከሌላው ለይቶ አያሳይም።

ስለዚህ የቀበሌ ኮሚቴ የአንድን ቤት ስም ከሴፍቲኔት ከመሰረዙ በፊት ይጠይቅ፦ ባለፉት ሁለት ክፉ ዓመታት ይህ ቤት በሬ ሸጧል? መሬቱን አከራይቷል? ልጅ ከትምህርት ቤት አስቀርቷል? ዕዳውስ ስንት ነው? ድህነት ቀነሰ ብሎ የሚያስታውቀው መሥሪያ ቤትም ስንቱ መስመሩን እንዳለፈ ሲነግረን፣ ካለፉት መካከል ስንቱ ተመልሶ እንደወደቀ በየዞኑ ያውጣ፤ ምዕራብ ሐረርጌንም በስሙ ጠርቶ።