መጽሐፉን የጻፉት ዘውዴ አይደሉም!

የመመረቂያ ጽሑፎቻችንን ስንገልጥ “ዘውዴ፣ ባ. (1991)” የሚል እናገኛለን። ዘውዴ ማን ናቸው? የፕሮፌሰር ባሕሩ አባት! በ1991 (እ.ኤ.አ.) የታተመውን የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ የጻፉት ግን ልጃቸው ባሕሩ ናቸው። እኛ አብዛኞቻችን የቤተሰብ ስም የለንም፤ ከስማችን ቀጥሎ የሚመጣው የአባታችን ስም ነው። ለፈረንጅ ስም የተሠራውን ደንብ በራሳችን ላይ ስንጭን ደራሲውን ሰርዘን አባቱን እንሸልማለን።

“ሶፍትዌሩ ነው ያገላበጠው” እንዳትሉን! ዞቴሮ እንኳ ሙሉ ስም በአንድ ሳጥን መጻፍ ይፈቅዳል። “ፈረንጆቹ አይቀበሉትም” ለምትሉም፣ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ራሱ “ባሕሩ ዘውዴ” ብሎ ነው የሚመዘግባቸው። ታዲያ እኛ ምን ነካን? ምንጭ መጥቀስ ማለት የለፋውን ሰው በስሙ መጥራት ነው። በስሙ እንጥራው!