ማዕበልን መለካት ገይብን መድፈር ነውን?



እዚህ ገላን ስለ ባሕር ማዕበል ስናስተምር አንድ ተማሪያችን «ኡስታዝ፣ ያልመጣውን ማዕበል እንተነብያለን ማለት በአላህ ገይብ መግባት አይሆንም?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው የብዙዎች ስለሚመስለን መልሱን ልናካፍላችሁ ወደድን።

ከባሕር ሥር ነዳጅ የሚያወጡ አገሮች ውኃው ውስጥ ምሰሶ ተክለው ሠራተኞች የሚያድሩበት መድረክ ይሠራሉ። መድረኩ ማዕበሉን ካልቻለ ሕይወት ይጠፋል። እ.ኤ.አ በ1961 በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ የነበረ የራዳር መድረክ በማዕበል ፈርሶ በላዩ የነበሩት 28 ሰዎች በሙሉ አልቀዋል።

ስለዚህ መሐንዲሶች አስቀድመው ያሰላሉ። እ.ኤ.አ በ1950 ሞሪሰንና ባልደረቦቹ ባወጡት ቀመር መሠረት ማዕበል ምሰሶን የሚገፋው በሁለት መንገድ ነው፤ አንዱ በውኃው ፍጥነት፣ ሌላው ፍጥነቱ ሲቀያየር ነው። በመጀመሪያው ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በክረምት ወንዝ የተሻገረ ሰው ይህን በእግሩ ያውቀዋል።

ቀጥሎ የማዕበል መዝገብ ይመረመራል። «የመቶ ዓመት ማዕበል» ሲባል መቶ ዓመት ቆጥሮ የሚመጣ ማለት አይደለም። በእያንዳንዱ ዓመት የመምጣት ዕድሉ ከ100 አንድ ነው ማለት ነው። 30 ዓመት ለሚቆም መድረክ ግን ዕድሉ ከአራት አንድ ያህል ይደርሳል።

እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 1 ቀን 1995 በኖርዌይ ባሕር ክልል ድራውፕነር በተባለው መድረክ ላይ የተተከለ የሌዘር መሣሪያ 25.6 ሜትር የሚረዝም አንድ ማዕበል መዘገበ። በዙሪያው የነበሩት ትልልቆቹ ማዕበሎች በአማካይ 12 ሜትር ያህል ነበሩ። እንዲህ ያለው ማዕበል የመርከበኞች ወሬ ብቻ አለመሆኑ በልኬት ተረጋገጠ። መድረኩም አስቀድሞ ጠንክሮ ስለተሠራ አልወደቀም።

«እኛ ባሕር የለን!» ትሉ ይሆናል። ጎርፍ ግን አለን። በ1998 እ.ኢ.አ ክረምት፣ በሐምሌ መጨረሻ፣ ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነው የድሬዳዋው ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ወሰደ። ዝናቡ የጣለው ከከተማዋ በላይ ባሉት ተራሮች ነበር። «እስከዛሬ አልደረሰም» ማለት «አይደርስም» ማለት አይደለም።

እንግዲህ ለተማሪያችን የሰጠነው መልስ ይህ ነው፤ መሐንዲሱ ማዕበሉ የሚመጣበትን ቀን አውቃለሁ አላለም። ያለው «ከመጣ ይህን ያህል ይገፋልና እንዘጋጅ» ነው። ይህ ግመልን አስሮ በአላህ መመካት ነው እንጂ ገይብን መድፈር አይደለም።

ወላጆች ሆይ! ቤት ከመሥራታችሁ በፊት ጎርፉ እስከ የት ደርሶ እንደነበር የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠይቁ። ልጆችም የሞላ ወንዝ እንዳይሻገሩ ምከሩ። አላህ ከድንገተኛ አደጋ ይጠብቀን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።