ሞርሳ ያላት ሰርቪስ ቤት

«ጋራዥ» ሲባል እኛ ዘንድ ትዝ የሚለን በዘይት የጠቆረ ግቢና ሆዱ የተከፈተ አይሱዙ ነው። ፈረንጆቹ ግን የመኪና ማቆሚያቸውን የቤት ወርክሾፕ ያደርጉታል። መኪና የሌለን የደሴና የኮምቦልቻ ልጆችስ? ከጓሮ ሰርቪስ ቤት አለችልን!

ቀልድ አይደለም። ብየዳ ተምሮ ሼድ እስኪሰጠው ሲጠብቅ እጁ ሙያውን የረሳ ጓደኛ ስንት አለን? በ2014 ዓ.ም. የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በጦርነቱ ሲዘረፉ ደግሞ የፋብሪካ በር ብቻ መጠበቅ ምን እንደሚያስከትል አይተናል።

መጀመሪያ ጠረጴዛ፤ እግሩ ቱቦላሬ፣ ላዩ ወፍራም ጣውላ፣ ቁመቱ ወገብ የማያጎብጥ። ጥግ ላይ ሞርሳ በብሎን ይታሰር። ከዚያ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ሴጌቶ። (በ1928 ደሴ የገባው ጣሊያን በ1933 ቢባረርም የመሣሪያው ስም እዚሁ ቀርቷል።) አንዱ ድሪል፣ ሌላዋ መፍጫ ብታዋጣ ለአንድ ሰው የሚከብደው ለአራት ይቀላል። «ሌላዋ» ያልነው አውቀን ነው፤ ሴት ልጅ ሻይ ለማቀበል ብቻ አትገባም።

የብየዳ ማሽን መጨረሻ ይምጣ። ባረጀ የቤት መስመር ላይ መሰካት እሳት መጥራት ነው፤ ባለሙያ ለብቻው መስመር ከነብሬከሩና ከነኧርዙ ይዘርጋለት። የፀሐይ መነጽር ለብየዳ አይሆንም፤ ዓይን ያስለቅሳል። ዚንክ የተቀባ ቧንቧ በዝግ ክፍል መበየድም ትኩሳት ያስይዛል፤ በሩ ይከፈት። የደሴ ጉም ብረት ያዝጋልና ሞርሳውን ዘይት ቀቡት።

አከራይ እንዴት ይፈቅዳል? የላላውን የግቢ በር ማጠፊያ አስቀድማችሁ በይዱላቸው።