ሌላ ሰው የማይሰማው የጆሮ ጩኸት

«ልጆቼ ተኝተው ቤቱ ጸጥ ሲል የእኔ ጆሮ መጮህ ይጀምራል። መጀመሪያ እንደ ትንኝ ድምፅ ነበር፤ አሁን ግን እንደ ፉጨት ሆኖ እስኪነጋ አይለየኝም። ባለቤቴ ጆሮውን ወደ ጆሮዬ አስጠግቶ ካዳመጠ በኋላ ‹ምንም የለም፣ ሐሳብ ነው› አለኝ። ጎረቤቴ ዘይት አሙቂና ጨምሪበት ትለኛለች። ለምርመራ ሄጄ ያየኝ ባለሙያ ደግሞ ‹መድኃኒት የለውም፣ ቻይው› ብሎ መለሰኝ። እንቅልፍ ስለማጣ በትንሽ በትልቁ ልጆቼን እቆጣለሁ። ሥራዬንም ልተው አስቤአለሁ። እያበድኩ ይሆን?»

ይህን የጻፈችልን በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል 19 ዓመት የሠራች የሦስት ልጆች እናት ናት። ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ሌሎች እናቶችና ሠራተኞች እንደሚኖሩ ስለምናምን መልሱን በዚህ ዓምድ ማውጣቱን መርጠናል።

ከመጨረሻው ጥያቄ እንጀምር። እኅታችን አላበደችም። ከውጭ ምንም ድምፅ ሳይኖር ጆሮ ውስጥ ፉጨት፣ ጩኸት ወይም እንደ ንብ መንጋ ያለ ድምፅ መሰማቱ በሕክምና «ቲኒተስ» ተብሎ የሚታወቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች ከመቶ 14 የሚሆኑት ይህን ድምፅ እንደሚሰሙ ገምቷል። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ከቁም ነገር ሳይቆጥሩት ይኖራሉ፤ ጥቂቶቹ ግን እንደ እኅታችን ክፉኛ ይቸገራሉ። ታዋቂው የሙዚቃ ደራሲ ቤትሆቨንም እ.ኤ.አ. በ1801 ዓ.ም. ለሐኪም ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ጆሮው ቀንና ሌሊት እንደሚጮህበት ገልጾ ነበር። ነገር ግን የሚሰማው ድምፅ ሰው የሚናገር የሚመስል ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ስለሆነ ለሐኪም መንገር ይገባል።

ድምፁ ከየት ይመጣል?

በውስጠኛው የጆሮ ክፍል እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠቀለለ አንድ ትንሽ አካል አለ። በእያንዳንዱ ጆሮ በዚህ አካል ውስጥ 15 ሺህ ያህል ጥቃቅን ሕዋሳት ይገኛሉ። ሥራቸውም ከውጭ የሚገባውን ድምፅ ተቀብለው በነርቭ አማካይነት ወደ አንጎል ማስተላለፍ ነው። ለረጅም ጊዜ ኃይለኛ ድምፅ ሲደርስባቸው ወይም ዕድሜ ሲገፋ ይጎዳሉ። በሰው ላይ አንዴ ከሞቱ ደግሞ ተመልሰው አይበቅሉም።

ከእነዚህ ሕዋሳት የሚደርሰው መልእክት ሲቀንስ አንጎል የጎደለውን ለማካካስ ይሞክራል። የራዲዮ ጣቢያ ሲደክምብን ድምፁን ከፍ እናደርገዋለን፤ ያን ጊዜ ከዜናው ይልቅ ጎልቶ የሚሰማን «ሽሽሽ» የሚለው ነው። ባለሙያዎች አብዛኛው የጆሮ ጩኸት የሚፈጠረው በዚህ መልክ መሆኑን ያስረዳሉ። ስለዚህ ባለቤትየው ጆሮውን አስጠግቶ ምንም አለመስማቱ ሚስቱ የምትሰማውን ሐሰት አያደርገውም።

እ.ኤ.አ. በ1953 ዓ.ም. ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ጆሯቸው ጤነኛ የሆነ 80 ሰዎችን ተራ በተራ ምንም ድምፅ በማይገባበት ክፍል ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጠው ምን እንደሰሙ ጠየቋቸው። ከመቶ 94 የሚሆኑት አንድ ዓይነት ድምፅ ሰማን አሉ። ከዚህ የምንረዳው ጸጥታ ራሱ ጆሮን እንደሚያስጮህ ነው። እኅታችን ጩኸቱ ልጆቿ ሲተኙ የሚብስባትም ስለዚህ ነው።

ፍርሃቱ ድምፁን ያጎላዋል

ሌላም ምክንያት አለ። አራስ እናት ከባድ መኪና በደጅ ሲያልፍ ላትነቃ ትችላለች፤ ሕፃኗ ትንሽ ሲነጫነጭ ግን ወዲያው ትነሳለች። አንጎል የሚያሳስበውን ነገር ከሌላው ሁሉ መርጦ ይሰማልና። የጆሮ ጩኸትም «ምን ይሆን? ልደነቁር ነው? ላብድ ነው?» በሚል ሥጋት ሲታጀብ አንጎል እንደ አደጋ ምልክት ይቆጥረውና ነቅቶ ይጠብቀዋል። በተጠበቀ ቁጥር ጎልቶ ይሰማል፤ ጎልቶ ሲሰማ እንቅልፍ ይነሳል፤ እንቅልፍ ሲጠፋ ደግሞ ሥጋቱ ይጨምራል።

መፍትሔውም ከዚሁ ይገኛል። ወፍጮ ቤት አጠገብ ቤት የተከራየ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት እንቅልፍ ያጣል። ጥቂት ወራት ከቆየ በኋላ ግን ወፍጮው መሥራት አለመሥራቱን ልብ አይለውም። ወፍጮው ዝም ስላለ አይደለም፤ አንጎሉ «ይህ አያሰጋም» ብሎ ስለተወው ነው። የጆሮ ጩኸትም በዚሁ መንገድ ሊለመድና ሊረሳ ይችላል። ስለዚህ «መድኃኒት የለውም፣ ቻይው» የሚለው መልስ ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። ጩኸቱን ነቅሎ የሚያጠፋ ክኒን እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ የሚያስከትለውን ሥቃይ ማቃለል ግን ይቻላል።

አስቀድሞ ሐኪም ዘንድ

ከሁሉ በፊት ጆሮ መታየት አለበት። አንዳንድ ጊዜ የጩኸቱ ምክንያት የተጠራቀመ ኩክ ወይም የጆሮ ቁስለት ሆኖ በቀላሉ ይድናል። የደም ግፊትና የደም ማነስም መመርመር አለባቸው። አንዳንድ መድኃኒቶችም ጆሮን ሊያስጮሁ ይችላሉ፤ ከእነዚህም መካከል በብዛት የተወሰደ አስፒሪን፣ ኪኒን፣ እንዲሁም ስትሬፕቶማይሲንና ጄንታማይሲን የተባሉት መርፌዎች ይገኙባቸዋል። በመሆኑም የሚወሰደውን መድኃኒት ለሐኪም መንገር ይገባል፤ በራስ ፈቃድ ግን ማቋረጥ አይገባም።

ጆሮን በክብሪት እንጨት፣ በመርፌ ቁልፍ ወይም በሌላ ነገር መጎርጎር ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ታምቡሩንም ሊበሳ ይችላል። የሞቀ ዘይት፣ የነጭ ሽንኩርት ወይም የጤና አዳም ጭማቂ መጨመርም እንዲሁ ጉዳት ያስከትላል፤ በተለይ ታምቡሩ ቀድሞ ተበስቶ ከሆነ አደጋው የከፋ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ምልክቶች ሲታዩ ሳይዘገዩ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል።

- ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ሲሆን፤
- ከልብ ምት ጋር እኩል ሲመታ፤
- የማዞር ስሜት፣ የጆሮ ፈሳሽ ወይም የፊት መጣመም አብሮ ሲመጣ፤
- መስማት በድንገት ሲቀንስ። ይህኛው ሕክምናው በቶሎ ከተጀመረ የመዳን ዕድሉ ከፍ ስለሚል በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ መሄድ ይገባል።

ከጭንቀቱ ብዛት ሕይወትን እስከ መጥላት የተደረሰ እንደሆነም ለቤተሰብና ለሐኪም ወዲያው መንገር እንጂ ብቻ መያዝ አይገባም።

በቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ፍጹም ጸጥታን መሸሽ ነው። ማታ ራዲዮን ድምፁ ዝቅ ብሎ መክፈት፣ ወይም የአየር ማራገቢያ ወይም የዝናብ ድምፅ ከስልክ ላይ ማሰማት ይጠቅማል። ድምፁ ጩኸቱን መሸፈን የለበትም፤ አብሮት እንዲሰማ ከጩኸቱ ትንሽ ዝቅ ያለ ይሁን። ጩኸቱን ለመሸሽ ብሎ ቤት ውስጥ ጆሮን በጥጥ መድፈን ግን ጸጥታውን ስለሚጨምረው ያብሰዋል።

ሁለተኛ፣ እንቅልፍ ካልመጣ ግማሽ ሌሊት አልጋ ላይ ሆኖ ጩኸቱን ማድመጥ አይበጅም። ተነስቶ በደብዛዛ ብርሃን ቀለል ያለ ነገር መሥራትና እንቅልፍ ሲመጣ መመለስ ይሻላል። ጠዋት የመነሻው ሰዓት ግን እንዳይለወጥ። ቡና የጆሮ ጩኸትን እንደሚያብስ አልተረጋገጠም፤ ስለዚህ የቀን ቡናን መተው አያስፈልግም። እንቅልፍ የሚነሳውን የማታውን ስኒ መተው ግን ጥሩ ነው።

ሦስተኛ፣ «ዛሬስ ጮኸ ወይስ ቀነሰ?» እያሉ ጆሮን ደጋግሞ መፈተሽን መቀነስ ነው። ሐሳብ ወደ ጩኸቱ በሄደ ጊዜ «ያው የማውቀው ድምፅ ነው፤ ጉዳት አያመጣብኝም» ብሎ ወደ ያዙት ሥራ መመለስ ይለመዳል። ሐሳብን በዚህ መልክ ማሠልጠን በሥነ ልቦና ባለሙያዎች ዘንድ ራሱን የቻለ ሕክምና ነው። ድምፁን ባይቀንሰውም ሥቃዩን በማቃለል በኩል ከሌሎቹ የበለጠ ማስረጃ የተገኘለት ይኸው ነው። ባለሙያ በቅርብ ከተገኘ ዕድሉን መጠቀም ይገባል።

አራተኛ፣ የመስማት ችሎታ የቀነሰ እንደሆነ የመስሚያ መሣሪያ ማድረግ ንግግርን ከማሰማቱም በላይ ጩኸቱን ለብዙዎች ያቀልላቸዋል። ስለሆነም የመስማት ምርመራ መጠየቅን ቸል ማለት አይገባም።

ስለ ሥራው

እኅታችን ሥራዋን ከመተዋ በፊት ሌላ መንገድ መሞከር አለባት። ለጆሮ የሚፈቀደው የድምፅ መጠን በቀን ለስምንት ሰዓት 85 ዴሲቤል መሆኑን የሥራ ጤና ባለሙያዎች ይመክራሉ። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። ይኸውም 88 ሲሆን አራት ሰዓት፣ 91 ሲሆን ሁለት ሰዓት፣ 94 ሲሆን አንድ ሰዓት ብቻ ነው። በሽመና አዳራሾች የሚሰማው ድምፅ ብዙ ጊዜ ከ90 ያልፋል። መለኪያ ለሌለው ሰው ቀላል ዘዴ አለ። አንድ ክንድ ያህል ርቆ ለቆመ ጓደኛ ለመናገር መጮህ ካስፈለገ ቦታው ለጆሮ አያመችም።

ስለዚህ ለሥራ የተዘጋጀ የጆሮ መድፈኛ ወይም መሸፈኛ ከአሠሪው መጠየቅ፣ ፈረቃው እስኪያልቅም አለማውለቅ ይገባል። ተራ ጥጥ ይህን ያህል ድምፅ አይከላከልም። ጆሮዋ የተጎዳ ሠራተኛ የሐኪም ማስረጃ ይዛ ድምፅ ወደሚያንስበት ክፍል እንድትዛወር መጠየቅም ትችላለች። ወፍጮ ቤት የሚሠሩ እኅቶችም ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ቤት ውስጥ ደግሞ ልጆች የስልክ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው በኃይለኛ ድምፅ እንዳይውሉ ወላጆች ሊቆጣጠሩ ይገባል። ዛሬ የሚጎዳው የልጅ ጆሮ ነገም አይተካም።

ለባለቤትየው ደግሞ

ይህን ጋዜጣ እኅታችን ለባለቤቷ እንድታነብለት እንፈልጋለን። ጩኸቱን መስማት አይጠበቅበትም፤ ማመን ግን ይጠበቅበታል። «ሐሳብ ነው» የተባለች ሴት ሕመሟን መናገር ትተዋለች፤ ብቻዋን የያዘችው ሥጋትም ጩኸቱን ያጎላዋል። ባለቤቷ ማታ ራዲዮኑን ሲከፍት፣ ሌሊቱን ሳትተኛ ባደረች ጊዜ የጠዋቱን ሥራና የልጆቹን ቁርስ ሲረከባት ከማንኛውም የሞቀ ዘይት የበለጠ ይረዳታል። ለትልልቆቹ ልጆችም ነገሩ ቢነገራቸው እናታቸው የምትቆጣው ጠልታቸው እንዳልሆነ ይገባቸዋል።

ለውጡ በአንድ ሌሊት አይመጣም። ብዙዎች ቀለል የሚላቸው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው፤ በመካከልም ድካም ወይም ጭንቀት ሲበዛ ጩኸቱ ተመልሶ የሚበረታበት ቀን ይኖራል። ያን ጊዜ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። እኅታችን በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር እንድታደርግ እንመክራታለን። ጆሮዋን ትታይ፤ ማታ ራዲዮኗን ዝቅ አድርጋ ትክፈት፤ በሥራዋ ላይም የጆሮ መድፈኛ ትጠይቅ። ከሦስት ወር በኋላ እንዴት እንደሆነች ብትጽፍልን ለሌሎች እናቶችም ትምህርት ስለሚሆን በዚሁ ዓምድ እናወጣዋለን።